ሰዓት ያዥ

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ላንጆ ስትነጣ፣
ቢጫው ወንዝ በዳርቻው በረዶ ሲያወጣ፣
ሺህ ሰው ተሰልፎ፣ ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ፣
ቦርሳው ተፈትሾ፣ ስልኩን ተነጠቀ።
ያኔ ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሣጥን እሸከማለሁ፣
የታሸገ ወረቀት ቆጥሬ እረከባለሁ።
ስም ከእጥፋቱ ሥር በክር ተሰፍቷል፤
ማን የባለሥልጣን ነው? ማን ድንች ሲለቅም ኖሯል?
ወረቀት አይጠይቅም። ወረቀት ዓይን የለው፣
ጫማህን አያይም፣ ላብህን አይሸተው።
ዕውር ዳኛ ነው፤ ግና ዕውርነቱ
ለስንቱ ዓይናፋር ሆነ መድኃኒቱ!

መጋቢት ሲመጣ ሌላ ነው ነገሩ፣
የኮኩ ዛፍ ሲያብብ ከሕንፃው በር በሩ፤
አምስት ፕሮፌሰሮች፣ አምስት ብርጭቆ ሻይ፣
አንዲት ባዶ ወንበር ከፊታቸው ላይ።
ተፈታኙ ዕጣ አውጥቶ በተራው ይገባል፣
ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ ይቀመጣል።
እኔ ጥግ ይዣለሁ፤ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፣
ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ደወል እመታለሁ።

"በቃል ያለ ይረሳል" ያለው ማን ነው እሱ?
እዚህ ክፍል ገብቶ ቢፈተን ምላሱ!
አንዲት የሳተች ቃል አምስት ጆሮ ገብታ
ትኖራለች እንጂ መች ትጠፋለች ወጥታ?
በወረቀት ስትስት ሰርዘህ ትጽፋለህ፤
የአፍ ወለምታን በምን ታሸዋለህ?

ዣይ ሱሄ ትባላለች። ሰባተኛ ተራ።
ከዲንግሺ ገጠር፣ ከዚያ ቢጫ ተራራ።
በጽሑፉ አንደኛ ናት፣ ሁሉን አስከንድታ፣
ተከታይዋን በሃያ ነጥብ ረትታ።
አዲስ ነጭ ሸሚዝ፤ ከአንገትጌው ላይ
የዋጋው ክር ቀርቷል፣ ማንም እንዳያይ
በፀጉሯ ሸፍናዋለች።
እኔ አየሁት።

በእንግሊዝኛ ራሷን አስተዋወቀች፣
በቃሏ የያዘችውን እንደ ጸሎት አደረሰች።
ከዚያ አንዱ መነጽሩን አውልቆ፣
"ያገርሽ አፈር ለምን ይሸረሸራል?" አላት።
አንደኛ የወጣችበት ነው። ታውቀዋለች።
አፏን ከፈተች። ዘጋች። ከፈተች።
የቴሌቪዥኑ ቻይንኛ ጉሮሮዋ ውስጥ ተሰነቀረ፤
"ምክንያቱም" ብላ ጀመረች፣ "ምክንያቱም" ላይ ቀረ።
አንዱ ሻዩን እፍ አለ፣ አንዱ መስኮቱን አየ፣
ዝምታው እንደ ጣሪያ ፍሳሽ ጠብ ጠብ እያለ ቆየ።
እኔ ምን ልጻፍ? ቅጹ የቃል ነው፣
ለዝምታ የሚሆን ሣጥን የለው።

እኔም ተፈትኜ ነበር፣ ሁለቴ፣ በወጣትነቴ፣
በእንግሊዝኛ ወደቅሁ፤ አንድ ነጥብ ነው ጉድለቴ።
እስከዚህች ወንበር አልደረስሁም።
ለዓመታት ያጽናናኝ ይህ ነበር፦ "የጣለኝ አላየኝም፤
ስሜን አያውቀውም፣ ድምፄን አልሰማውም፣
ወረቀት ነው የወደቀው፣ እኔ አይደለሁም።"
ይቺ ግን ብትወድቅ አምስት ሰው እያያት፣
በምን ትደበቃለች? በየትኛው እጥፋት?

አሥራ ስምንት ደቂቃ። አሥራ ዘጠኝ። ድንገት
እጇ ተነሣ። ጠረጴዛውን በጣት
ነካችው። "ይሄ ቤታችን ነው" አለች፣ ባገሯ አነጋገር፤
"ይሄ ሸለቆው። ልጅ ሳለሁ እዚህ ነበር።
በየክረምቱ አንድ ክንድ ይመጣል ወደ በራችን፣
አባቴ በገመድ ይለካል። አምና ሄደ በረታችን።
ውሃው ብቻ አይደለም፤ ሥሩን የነቀልነው
እኛው ነን፣ ድንች ልንተክል..."
ጣቷ ገና መንገድ ላይ ነው።
ሃያ ሞላ። እጄ ከደወሉ ላይ አለ።
አልመታሁም።
ሻዩን እፍ ያለው ብርጭቆውን ገፋ፣
ለሸለቆው ቦታ ለቀቀለት።
አርባ ሴኮንድ ሰረቅሁ። በሃያ ዓመት ሥራዬ
የሰረቅሁት ይህንኑ ነው፤ ይኸው ኑዛዜዬ።

አለፈች ወይ ትሉኝ ይሆናል። ዝርዝሩ ከመስታወቱ
ተለጥፏል፤ ሄዳችሁ እዩት።
እኔ ቅጹን ሞላሁ፦ "ዝምታ፣ አራት ደቂቃ።"
በኅዳጉ ግን፣ በእርሳስ፣ ጣቷ የሄደበትን መስመር ሳብሁ፤
ወረቀቱን አጥፌ ሸለቆውን አሸግሁ።